ስለ አውቶሞቢል የመንገድ መሪ
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



በቋንቋችን «መሪ» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። አንደኛው ነጂው በእጁ ጨብጦ አውቶሞቢሉን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞርበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከፊት ቀድሞ መንገድ የሚያሳይ ነው። የመጀመሪያው መሪ በነጂው እጅ እንዳለ ማንም አይጠራጠርም። ሁለተኛው ግን በማን እጅ እንዳለና እንዴትስ ወደዚያ እጅ እንደ ገባ በዛሬው ንግግራችን ልንመረምር አስበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዛሬ ዘመን የሚሠሩት አውቶሞቢሎች አብዛኛዎቹ በነጂው አጠገብ ስክሪን የሚባል የመስተዋት ገበታ አላቸው። በዚህ ገበታ ላይ ሙዚቃ ይመረጣል፤ ስልክ ይደወላል፤ ከሁሉም በላይ ግን ካርታ ይታያል። ካርታ እያሳዩ «ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ወደ ግራ ታጠፍ» የሚሉት የመንገድ መሪ ፕሮግራሞችም ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ባለመኪናው በእጅ ስልኩ የለመደውን መሪ በዚያ ገበታ ላይ ላውጣው ቢል ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። መኪናውን በገንዘቡ ገዝቷል፤ ስልኩንም በገንዘቡ ገዝቷል፤ በሁለቱ መካከል ቆሞ «ይህን መሪ ተከተል፤ ያንን ተው» የሚለው ግን ሌላ ነው። ይህ ቅሬታ በአሜሪካና በአውሮፓ ነጂዎች ዘንድ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲሰማ ቆይቶ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሷል። አመጣጡን ለመረዳት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በአሜሪካ አውቶሞቢል ሲስፋፋ የመንገድ ምልክት ገና አልተተከለም ነበር። ከከተማ የወጣ ነጂ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ባላገሩን በመጠየቅ ነበር። ከ1901 ጀምሮ «ብሉ ቡክ» የሚባል መጽሐፍ ይታተም ጀመር። ይህ መጽሐፍ ካርታ ብቻ አልነበረም፤ ጉዞውን በቃል የሚተርክ ነበር። ከተነሣህበት አደባባይ ይህን ያህል ማይል ከሄድህ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ታጠፍ፤ ከድልድዩ ማዶ ሹካ መንገድ ስታገኝ ግራውን ያዝ፤ እንዲህ እያለ ርቀቱን እስከ ማይል ዐሥረኛ ክፍል ቆጥሮ ይናገራል። የአዲስ አበባ ሰው ለእንግዳ ቤቱን ሲያመለክት «ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብለህ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ» እንደሚለው መሆኑ ነው። ጉድለቱም ያው የእኛው ጉድለት ነው፤ የተነገረው ቤት ከፈረሰ ወይም ዛፉ ከተቆረጠ መንገደኛው ጠፋ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ነጂው እየነዳ ማንበብ ስለማይችል መጽሐፉን የሚያነብለት ሰው በጎኑ መቀመጥ ነበረበት።

ይህን ችግር አይቶ መሣሪያ ያወጣ ሰው አልጠፋም። የፍጥነት መለኪያ በመሥራት የታወቁት አሜሪካዊው ሚስተር ጆንስ በ1909 «ሕያው ካርታ» ብለው የሰየሙትን ዕቃ ለገበያ አቀረቡ። ዕቃው እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክብ ሆኖ በውስጡ የወረቀት ሳህን ይቀመጥበታል። ከፊተኛው ጎማ የሚነሣ ተጣጣፊ ገመድ ጎማው በዞረ ቁጥር ሳህኑን ቀስ እያለ ያዞረዋል። በሳህኑ ዳር ዙሪያ የመንገዱ ትእዛዝ ከነማይሉ ታትሟል፤ አንድ የማይንቀሳቀስ ቀስትም ነጂው የደረሰበትን ቦታ ያመለክታል። አንዱ ሳህን 100 ማይል ያህል ያደርሳል፤ ሲያልቅ ሌላ ይተካል።

እንግዲህ የዚህን ዕቃ ጠባይ ልብ እንበል። ነጂው ምሳ ለመብላት ከመንገዱ ወጣ ቢል ጎማው መዞሩን፣ ሳህኑም አብሮ መዞሩን አይተውም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ስሕተት ይሆናል። ሳህኑም ለዚህ መሣሪያ ልክ ተለይቶ የተሠራ ነው። ባለመኪናው የሌላ ካርታ ሠሪ ሥራ ይሻለኛል ቢል ወረቀቱ ከመሣሪያው ጋር አይገጥምለትም፤ ባለ መሣሪያው ሳህን ያላተመለት መንገድም ለመሣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል። የዛሬው ቅሬታ ዘር ከዚህ ላይ ተዘርቶ እናገኘዋለን።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢጣሊያ «ኢተር አቭቶ» የተባለ ሌላ መሣሪያ ታይቶ ነበር። ካርታው እንደ ብራና ተጠቅልሎ መኪናው በሄደ መጠን የሚተረተር ነበር። ከጆንስ ሳህን ብዙም አልተሻለም። ከዚያ በኋላ መንግሥታት የመንገድ ምልክት ስለ ተከሉና ነዳጅ ሻጮችም ታጣፊ ካርታ ስላደሉ የመሣሪያው ፍላጎት ለብዙ ዓመት ቀዘቀዘ። ታጣፊው ካርታ አንድ ታላቅ ጥቅም ነበረው፤ በማንኛውም መኪና ውስጥ ይሠራል፤ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

በ1981 የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ ወደ አሮጌው ሐሳብ በአዲስ ጥበብ ተመለሰ። በሂሊየም ጋዝ የሚሠራ ጃይሮስኮፕ የመኪናውን መታጠፍ ይለካል፤ ከጎማው የሚመጣውም ቁጥር ርቀቱን ያሰላል፤ ነጂውም በስስ ግልጽ ላስቲክ ላይ የታተመ ካርታ በትንሽ የቴሌቪዥን መስተዋት ፊት ይሰካል። ይህ መሣሪያ ብዙ አልተሸጠም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው በ1985 በካሊፎርኒያ የወጣው «ኤታክ» ነው። ስሙ የተወሰደው ከሚክሮኔዥያ መርከበኞች ጥበብ ነው። እነዚህ የሰላማዊ ውቅያኖስ ሰዎች ያለ ኮምፓስ በጀልባ ሲጓዙ ጀልባቸው በአንድ ቦታ እንደ ቆመች፣ ደሴቶቹ ግን ወደ እነርሱ እንደሚመጡ አድርገው ያስባሉ። በኤታክም መስተዋት ላይ መኪናው በመካከል ቆሞ ከተማው በዙሪያው ይዞራል፤ እስከ ዛሬ በስልካችን የምናየው ሥዕል ከዚያ የመጣ ነው። መሣሪያው በጎማና በኮምፓስ ያገኘውን ስሌት ከካርታው ጎዳና ጋር እያስማማ የተሳሳተውን ያርማል፤ ስለዚህ የጆንስ ሳህን ያቃተውን ነገር ቻለ። ካርታው ግን በቴፕ ካሴት ላይ የተቀረጸ ስለ ሆነ እንደ ሎስ አንጀለስ ያለው ሰፊ ከተማ በአንድ ካሴት አይበቃም ነበር። ዋጋውም ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ከሳተላይት የሚመጣ ምንም እርዳታ ሳይኖረው ይህን ሁሉ መሥራቱን ስናስብ ከኋላው የመጡት ሁሉ ባለዕዳዎቹ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሳተላይቱ ነገር ራሱን የቻለ ንግግር የሚፈልግ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። የአሜሪካ ጦር ኀይል ጂ ፒ ኤስ የተባለውን የሳተላይት ዘዴ ያቋቋመው ለራሱ ጥቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ሳተላይት የተተኮሰው በ1978 ነው። በመስከረም ወር 1983 የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ ወደ ሶቪየት ግዛት በመግባቱ ተመትቶ 269 ሰዎች ባለቁ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሬገን ይህ ዘዴ ለሲቪል ሰዎችም እንደሚከፈት አስታወቁ። ሆኖም ለሲቪሎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ የተዛባ ነበር። መዛባቱ በግንቦት ወር 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ቀረ፤ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ የነበረውም ስሕተት ወደ ዐሥርና ሃያ ሜትር ወረደ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው መኪናው በየትኛው ጎዳና ላይ እንዳለ በትክክል ማወቅ ቻለ።

በ1990ዎቹ የጃፓን፣ የጀርመንና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ካርታ ያለበትን ስክሪን ከመኪናው ጋር አብረው መሸጥ ጀመሩ። ካርታው በሲዲ፣ ኋላም በዲቪዲ ላይ ነበር። መንገድ ሲታረስ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ አንዱ ጎዳና ባለ አንድ አቅጣጫ ሲሆን ዲስኩ ያረጃል፤ አዲሱን ዲስክ መግዛት የሚቻለውም በመኪናው ወኪል በኩል፣ በውድ ዋጋ ነበር። የመኪናው ስም ብዙ ቢሆንም ካርታውን የሚያቀርቡት ዋና ኩባንያዎች ናቭቴክና ቴሌ አትላስ የተባሉ ሁለት ብቻ ነበሩ። ቶምቶም በ2004 በመስተዋት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መሪ ባወጣ ጊዜ ብዙ ሰዎች በውድ የገዙትን የመኪናቸውን ስክሪን ትተው በርካሽ የገዙትን ልጥፍ የተከተሉት ስለዚህ ነው። በ2008 ቶምቶም ቴሌ አትላስን፣ የፊንላንዱ ኖክያ ናቭቴክን ጠቀለሉ።

ከዚያ የስልክ ዘመን መጣ። ጉግል በጥቅምት ወር 2009 በእጅ ስልክ ላይ መንገድ የሚመራ ፕሮግራም ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ ባስታወቀ ጊዜ የቶምቶምና የጋርሚን አክሲዮን ዋጋ በዚያው ቀን ወደቀ። ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነገር ዋጋው በሌላ በኩል እንደሚጠየቅ ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ነጂው የት እንደ ነበረና ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ራሱ ትልቅ ሀብት ነው።

አፕል ይህን ስላየ በመስከረም ወር 2012 የጉግልን ካርታ ከስልኩ አውጥቶ የራሱን አስገባ። አዲሱ ካርታ ግን ስሕተት የበዛበት ሆነ። በአውስትራልያ ሚልዱራ ወደምትባል ከተማ የሚሄዱ ሰዎች ከከተማይቱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በበረሓማ የአራዊት ጥበቃ መሬት ውስጥ ስለ ተገኙ የቪክቶርያ ፖሊስ በታኅሣሥ ወር ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ በዚያ ስፍራ ውኃ የለም፤ ሙቀቱም እስከ 46 ዲግሪ ይደርሳል። የኩባንያው ሹም ሚስተር ቲም ኩክ ቀደም ብለው ይቅርታ ጠይቀው ነበር፤ ካርታው እስኪታረም ድረስም ደንበኞች የሌሎች ኩባንያዎችን ካርታ እንዲጠቀሙ በደብዳቤ መክረው ነበር። ይህ ምክር የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ምክሩ መኪና ውስጥ ሲገባ ተረሳ። አፕል በ2014 በጄኔቭ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ «ካርፕሌይ»ን አቀረበ። ስልክ ከመኪናው ጋር ሲገናኝ የስልኩ ፕሮግራሞች በመኪናው ስክሪን ላይ የሚታዩበት ዘዴ ነው። ጉግልም በተከታዩ ዓመት «አንድሮይድ አውቶ» የተባለውን የራሱን አወጣ። ሁለቱም መልካም ፈጠራዎች ናቸው፤ የፋብሪካውን ያረጀ ዲስክ ከንቱ አድርገውታልና። ሆኖም በካርፕሌይ መንገድ መምራት የተፈቀደለት የአፕል ካርታ ብቻ ነበር፤ በአንድሮይድ አውቶም የጉግል ብቻ። ባለስልኩ በኪሱ ሦስትና አራት መሪ ይዞ ወደ መኪናው ሲገባ አንዱ ብቻ እንዲናገር ይፈቀድለታል፤ ሌሎቹ አፋቸው ይዘጋል። ከዚህ የተነሣ ነጂዎች በሰፊው ስክሪን አጠገብ የስልክ መያዣ ለጥፈው ትንሹን ስልክ እያዩ ይነዱ ነበር። በብዙ ሺህ ዶላር የተሠራው ገበታ ዘፈን መምረጫ ሆኖ ቀረ።

የኩባንያዎቹ መልስ «የነጂው ደኅንነት» የሚል ነው። ይህ መልስ ፍሬ የለውም አንልም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ 44 ሜትር ይጓዛል፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በ2013 ባወጣው መመሪያ ነጂው ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሣበት ጊዜ በአንድ አፍታ ከሁለት ሴኮንድ እንዳይበልጥ መክሯል። ስለዚህ ማንም የጻፈው ፕሮግራም እንደ ፈለገ በስክሪኑ ላይ ይዝለል ሊባል አይገባም። ነገር ግን ደኅንነቱ የሚመዘነው በፊደሉ መጠንና በቁልፉ ብዛት ከሆነ ባለቤቱ ማን መሆኑ ምን ያደርጋል? አፕል ራሱ በመስከረም ወር 2018 ለሌሎች በሩን ሲከፍት ካርታውን እነርሱ እንዲሥሉ፣ የቁልፎቹን ሥርዓት ግን እርሱ እንዲሰጥ አድርጎ ጉዳዩን ጨረሰው። የጉግል ካርታና ዌይዝ በዚያው ወር ገቡ። ለአራት ዓመት የማይቻል የተባለው ነገር መቻሉ ታየ። በአንድሮይድ አውቶ በኩል ዌይዝ የገባው በ2017 ነው፤ ግን ዌይዝ የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ ጉግል በ2013 ገዝቶት ስለ ነበረ ምርጫው ከአንድ ጌታ ሁለት ሎሌ መምረጥ ነበር። የሌሎች ሰዎች መሪዎች በሰፊው የገቡት ከ2021 ወዲህ ነው።

አውቶሞቢል ሠሪዎቹም ዝም ብለው አላዩም። እርስ በርሳቸው በገበያ የሚፋለሙት አውዲ፣ ቢ ኤም ደብልዩና ዳይምለር በ2015 ገንዘብ አዋጥተው ከኖክያ እጅ ሂር የተባለውን የካርታ ሥራ በ2.8 ቢሊዮን ዩሮ ገዙ። ካርታው በስልክ ኩባንያ እጅ ከወደቀ መኪናው ባዶ ቆርቆሮ እንዳይሆንባቸው ሠግተው ነው። ቢ ኤም ደብልዩ ደግሞ በአሜሪካ ለካርፕሌይ በየዓመቱ 80 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቶ ከደንበኞች ብዙ ነቀፌታ ከሰማ በኋላ በ2019 መጨረሻ ክፍያውን ተወ። ጄኔራል ሞተርስ በ2023 ከዚህ አልፎ ሄደ፤ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ካርፕሌይንም አንድሮይድ አውቶንም እንደማይቀበሉ፣ በምትኩም ከጉግል ጋር የተሠራ የራሱን ገበታ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ለባለመኪናው የጌታው ስም ተለወጠ እንጂ ነፃነቱ አልጨመረም።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ ነገር እንምጣ። የኢጣሊያው የመብራት ኀይል ድርጅት ኤኔል፣ ኤኔል ኤክስ በተባለው ቅርንጫፉ በኩል በ2018 «ጁስፓስ» የተባለ ፕሮግራም አወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው ባትሪውን የሚሞላበትን ቦታ በካርታ የሚያገኝበት፣ ተራ የሚይዝበትና የሚከፍልበት ነው። ኤኔል በዚያው ዓመት ፕሮግራሙ በአንድሮይድ አውቶ ላይ እንዲታይ ጉግልን ጠየቀ። ጉግል ከሙዚቃና ከመልእክት በቀር ለሌላ ሰው ፕሮግራም የተዘጋጀ ሥርዓት የለም፤ የደኅንነትና የሥራ ድልድል ጉዳይም አለ ብሎ እንቢ አለ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ብንናገረው «ለዚህ ዓይነት ማመልከቻ የታተመ ቅጽ የለንም» ማለት ነው። አድማጮቻችን ይህን መልስ ከየትኛውም ወገን ሆነው፣ ሰጥተውትም ይሁን ተቀብለውት፣ ሳያውቁት አይቀሩም።

የኢጣሊያ የንግድ ውድድር ባለሥልጣን ግን መልሱን አልተቀበለም። የጉግል ካርታ ራሱ የመሙያ ቦታዎችን ስለሚያሳይ ጉግል ተወዳዳሪውን ከበር መልሷል በማለት በ2021 ከ102 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣው። ጉግል ይግባኝ አለ፤ ጉዳዩ እስከ ኢጣሊያ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ወጣ፤ ይህም ፍርድ ቤት የሕጉን ትርጉም ሉክሰምቡርግ ላለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጠየቀ። መልሱ የተሰጠው በ25 ፌብሩዋሪ 2025 ነው።

ፍርድ ቤቱ የተናገረው ለእኛ ለተራ ሰዎችም የሚገባ ነገር ነው። አንድ ኩባንያ መድረኩን ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌሎችም እንዲያገለግል አድርጎ ከከፈተ በኋላ በገበያው ያለውን ኀይል ይዞ አንዱን ቢከለክል በኀይሉ ያለ አግባብ ተጠቅሟል ሊባል ይችላል፤ የተከለከለው ሰው ያለዚያ መድረክ ፈጽሞ መነገድ የማይችል መሆኑ መረጋገጥ አያስፈልግም፤ መድረኩ ሥራውን ይበልጥ የሚያስወድድለት ቢሆን ይበቃል አለ። ስለ ቅጹም ሲናገር ቅጹ አለመኖሩ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ መፍቀዱ የመድረኩን ደኅንነት የሚያናጋ ወይም በጥበብ በኩል የማይቻል ካልሆነ በቀር ኩባንያው ቅጹን በተገቢው ጊዜ ውስጥ ማዘጋጀት አለበት፤ ለድካሙም ተመጣጣኝ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል ሲል ደነገገ። በጀርመንም የውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉግል ካርታውን፣ የፕሮግራም መደብሩንና በድምፅ የሚታዘዘውን ረዳት ለመኪና ፋብሪካዎች በአንድ ጥቅል መሸጡን በ2023 ነቅፎ ነበር፤ በ2025 ኩባንያው ጥቅሉን ሊፈታ ግዴታ ገባ።

በአገራችን ይህ ክርክር ሩቅ የሚመስለው ሰው ቢኖር በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፉትን መኪናዎች ይመልከት። በሁለተኛ እጅ ከጃፓን የመጡት አንዳንድ ቶዮታዎች ስክሪናቸው እስከ ዛሬ በጃፓንኛ ይናገራል፤ ካርታውም የጃፓን ነው። መንግሥት በጥር ወር 2024 ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች ገብተዋል። በቻይና የጉግል አገልግሎት ስለማይሠራ የእነዚህ መኪናዎች ገበታ የተሰናዳው ጋኦዴና ባይዱ ለሚባሉት የቻይና ካርታዎች ነው። ቤጂንግን ቤት ለቤት የሚያውቀው ይህ መሪ ከሳር ቤት ወደ ገርጂ መውሰድ አይሆንለትም። ባለመኪናውም ገበታውን ለሙዚቃ ትቶ ስልኩን በመያዣ ሰክቶ ይነዳል፤ የስልኩ መሪ ስሙን ያላወቀው ቅያስ ላይ ሲደርስም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሱቁን ልጅ ይጠይቃል።